ከመሳቢያ ወደ መሳቢያ

«ጨጓራዋን ነው በሉ! ሌላ ቃል ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለ አጎት፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ እንዳስደገፈ።

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው። ታናሽ እህቷን ከቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ሳሎኑ ከጎረቤት በተሰበሰበ ወንበር ተጣቧል፤ የልብስ መስፊያዋ እንኳ ጥግ ተገፍቶ የሰው ኮት ተከምሮበታል።

«ጨጓራ ጡት ላይ ይወጣል እንዴ አጎቴ?»

ሁለት ሴቶች ድንገት ሳል ያዛቸው።

«ዝም በይ! ልጅሽ ገና አላገባችም። ይኼ በሽታ በዘራቸው አለ ከተባለ ማን ደጃችሁን ይረግጣል?»

የሃያ አራት ዓመቷ ልጇ ፔርሙዝ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ያልሰማች መስላ ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች። ብርጭቆው ግን ሞልቶ ፈሰሰ።

ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነከሰች። የተናደደችው በአጎቷ ብቻ አይደለም፤ ጥላት በሄደችው እህቷም ነው። በራሷ የተናደደችውንማ አታንሱት።

ሟቿን ሰው ሁሉ «ምላጭ» ይላት ነበር። ምላሷም አይሰንፍም፤ ስሙ የወጣላት ግን በሥራዋ ነው። ከታማሚ የተወሰደችውን ቁራጭ ሥጋ ሰም ውስጥ ታረጋታለች፤ ከዚያ ሰሟን በስለት ማሽን እየላጠች ለሐኪሙ ታቀርባለች። ሐኪሙ ካንሰር ነው፣ አይደለም የሚለው እሷ የላጠችውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል ላብራቶሪ ሥራዋ ይኸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ታዲያ መስፊያው አጠገብ ተቀምጣ እህቷን ትነዘንዛለች።

«እትዬ፣ ይኼን ነው ቀጭን ጨርቅ የምትይው? የኔን ብታዪ እኮ ትንፋሽሽ ይዞት ይሄዳል።»

«እንዲያ የሳሳ ነገር ላይ ምን ይታያል?»

«የሚገድልሽ ነዋ!»

እንዲህ ነበረች። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ግን ሻዩን ሳትነካው፣ «በዘር የሚወርደውን ካንሰር ማጥናት ጀምረናል» አለች። «እናታችን በእሱ ሞተች፤ አክስታችንም። እኔ ደም ሰጥቻለሁ። አንቺም ስጪ፣ ልጅ አለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ወረወረችው። «ሟርተኛ! በልጄ ላይ ታሟርቺብኛለሽ? ውጪልኝ!»

ምላጭ ወጣች። ሁለት ወር አልመጣችም። ስትመጣም የደምን ነገር ዳግም አላነሳችም።

ዶክተሩ፣ የሟቿ አለቃ፣ ከሰዓት በኋላ መጣ። አጎት ከወንበሩ ተነሥቶ የክብር ቦታ ሊያስይዘው ሲል እምቢ አለና ልብስ ሰፊዋ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፈታና መዳፏ ላይ አኖረላት።

«የእናታችሁ ነው» አለ።

ከክብሪት ሳጥን የምታንስ ነጭ ሰም ናት። መሐሏ ላይ ምስር የምታህል ጠይም ነጥብ አለች። ጠርዟ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም።

«እኛ ጋ ሰም የሚቆየው አሥር ዓመት ነው፤ ከዚያ ይቃጠላል። እናታችሁ ከሞቱ ሃያ ሁለት ዓመታቸው። የማቃጠያው ጊዜ በደረሰ ቁጥር እህትዎ ይቺን ከአሮጌው መሳቢያ አውጥታ አዲሱ ውስጥ ትሸሽጋት ነበር።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ዶክተሩ ወለሉን አየ። «በእሷ ደም ውስጥ ያልተለመደ ነገር ታይቶ ነበር። ክፉ ይሁን ደግ ለመለየት ከታመመ ዘመድ ሥጋ ጋር መተያየት ነበረበት። ልታስመረምራት አውጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ስታስቀምጥ አገኘኋት። ያለ ቦታዋ የተቀመጠች ሰም ውጤት ታደባልቃለች፣ ሰው ታስገድላለች ብዬ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩባት። ሰሟንም ቆለፍኩባት። የከፈትኩት እሷ ራሷ ከታመመች በኋላ ነው። በእሷ ደምና በእናታችሁ ሥጋ ያለው አንድ ሆኖ ተገኘ።»

«ለስንት ጊዜ ቆለፏት?»

«ሦስት ዓመት።»

ብድግ አለች። «ሦስት ዓመት! እናቴን ቆልፈው እህቴን ያስበሏታል? የማን ናት ብለው አንዴ ቢጠይቋት ምላስዎ ይቆረጥ ነበር?»

«ኧረ በለቅሶ ቤት!» አለ አጎት።

«በዚህ ለቅሶ ካልተናገርኩ በየትኛው ልናገር? በልጄ?»

ዶክተሩ አልተከላከለም። ቁጣዋ ትንፋሽ እስኪያሳጥራት ጠበቃትና ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ከመሞቷ በፊት ምን አለችኝ መሰልዎ? “እትዬ ትጮህብዎታለች፤ ይቻሏት። ጩኸቱ ሲያልቅላት ክንዷን ይጠይቁልኝ።” በእርስዎ ደም ያ ነገር ከሌለ ልጅዎ ከእርስዎ አልወረሰችውም። ካለም እሷ በጊዜ ተመርምራ፣ በክትትል ቀድመን ልንደርስበት እንችላለን።»

«ምርመራ ብሎ ነገር የለም!» አለ አጎት። «አገር እየሰማ?»

ልብስ ሰፊዋ ሰሟን አየቻት። በመዳፏ ሙቀት ጠርዟ ላላ ማለት ጀምሯል። ደንግጣ ቶሎ ሶፍቱ ላይ መለሰቻት። እሱ መሳቢያውን ቆለፈ፤ እሷ ግን በእህቷ ላይ በሯን ነበር የዘጋችው፤ ያውም መቀስ ወርውራ።

የጥቁር ቀሚሷን የእጅጌ ቁልፍ ፈታች። እጅጌውን አንድ አጠፈች፣ ሁለት አጠፈች፣ ለደንበኛ እንደምትለካ አስተካክላ ከክርኗ በላይ አወጣችውና ክንዷን ዘረጋችለት።

ዶክተሩ ዓይኑ እንባ ሞላ። «እዚህ አይደለም። ነገ ጠዋት፣ ላብራቶሪ።»

«ልጄ፣ ፔርሙዙን አኑሪውና አጠገቤ ነይ» አለች።

አዲስ ለቀስተኛ ገባች፤ የድሮ ደንበኛዋ ናት። አቅፋ አልቅሳ ስታበቃ፣ «ምን አገኛት በሞትኩት? ጨጓራ ነው አሉ» አለቻት።

«ካንሰር ነው። የእናታችን ካንሰር» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሳሎኑ ሁሉ እንዲሰማ።

ሲመሽ ነፋስ ገባ። ልጅቷ «ይበርድሻል እኮ» ብላ እጅጌውን ልታወርድላት ስትል እጇን ያዘቻት። የመጨረሻው ለቀስተኛ እስኪወጣ ድረስ ሰውን ሁሉ የተቀበለችው በዚያ በተራቆተው ክንዷ ነው።