ምንተስኖት በእናቱ ክንድ ላይ

ናትናኤል ሽፈራው ቡታጅራ የገባው ታፔላ ሊጽፍ ነበር። የወልቂጤ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ሽፈራው እዚያው ወልቂጤ አስተማሪ ናቸው፤ በጸሎት ቤታቸውም ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ከትንሽነቱ ጀምሮ ባገኘው ወረቀት ሁሉ ላይ ሲስል ስላዩ ቀለምና ብሩሽ የገዙለት እሳቸው ነበሩ። ናትናኤል ቡታጅራ ውስጥ የፀጉር ቤቱን፣ የጁስ ቤቱን፣ የጎሚስታውን ታፔላ እየጻፈ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ ከዱባይ ዕቃ ከሚያመጣ ሰው አንድ የንቅሳት ማሽን አገኘ። መጀመሪያ የነቀሰው የራሱን ጭን ነው። ቀጥሎ የጓደኞቹን ክንድ። ዓመት ሳይሞላ የከተማው ወጣት «ናቲ ታቱ» ይለው ጀመር።

የሚሠራው ስም፣ መስቀል፣ ልብ፣ አንዳንዴም የአንበሳ ራስ ነበር። የሚመኘው ግን በጥቁርና በግራጫ ብቻ፣ በጥላ የሚሠራ የሰው ፊት ነው። ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጦ ሌሎች እንዴት እንደሚሠሩት ደጋግሞ ያያል፤ የብርቱካን ልጣጭ ላይ ይለማመዳል። ሰው ላይ ሞክሮ አያውቅም። የሱቁን ግድግዳ ግን ከኢንተርኔት ባሳተማቸው የሌሎች ሰዎች ሥራዎች ሞልቶት ነበር። ደንበኛ «ይሄ ያንተ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ነውም አይደለምም አይልም፤ ፈገግ ይላል።

በ2006 ዓ.ም. ጥር ወር ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወደ ሱቁ መጡ። በርበሬ ተራ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት የነገዱ፣ ገበያው በሙሉ የሚያውቃቸው ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ምንተስኖት በሃያ ሁለት ዓመቱ በኩላሊት ሕመም ከሞተ አሥር ወሩ ነበር። ጥቁር ልብሳቸውን ገና አላወለቁም። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ጉርድ ፎቶግራፍ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሳው ነው። ገበያ ላይ በናፈቃቸው ቁጥር እያወጡ ሲያዩት የጣታቸው በርበሬ ፎቶውን እያቀላው፣ አንዱ ዓይን እየደበዘዘ መሄዱን ነገሩት። ክንዳቸው ላይ ቢሆንላቸው ግን አይጠፋም።

ናትናኤል በዚህ ዕድሜያቸው ተነቅሰው ኋላ ይጸጸቱ እንደሆነ ጠየቃቸው። እናታቸው ሶዶ ውስጥ በልጅነታቸው አንገታቸውን ተነቅሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዳጌጡበት መለሱለት። እሱም ፊቱ ቀርቶ ስሙን ከመስቀል ጋር ቢያደርጉት ምን ይመስላቸዋል ብሎ ሞከረ።

«ስሙንማ አውቀዋለሁ» አሉ። «ፊቱን ነው የምፈልገው። ፊት ሠርተህ ታውቃለህ?»

ናትናኤል ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች አየ።

«ብዙ» አለ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ፎቶውን አጉልቶ አሳተመ፤ የፊቱን መስመሮች በካርቦን ወረቀት ግራ ክንዳቸው ላይ አሳረፈ። ጥቁሩን ቀለም በሦስት ትንንሽ ክዳኖች ቀዳና አንዱን እንዳለ ትቶ ሁለቱን በውኃ አቀጠነ። ጥቁሩን ለዓይን፣ ለአፍንጫ ቀዳዳና ለከንፈር ሥር አዋለው። ጉንጩን፣ ግንባሩንና አገጩን ደግሞ በቀጭኑ ግራጫ እየዳበሰ አወጣቸው። እጁ እንዳይከብድ ፈርቶ መርፌውን ላይ ላዩን ነዳው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ አንድ ጊዜ እንኳ ክንዳቸውን አልሳቡም። መርፌው እየጮኸ ስለ ልጃቸው ያወሩለት ነበር። ሽሮ እንደማይወድ፣ በሬዲዮ ኳስ ሲሰማ ቤቱን በጩኸት እንደሚያናውጠው፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ፊቱ አብጦ ራሱን አይመስል እንደነበር ነገሩት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደሙን ጠርጎ መስታወት ሲያቀርብላቸው አለቀሱ። እሱም አብሯቸው አለቀሰ፤ ፊቱ በእርግጥ ምንተስኖትን መስሎ ነበር። የሰማ ሁሉ ሊያይ መጣ። በዚያው ሳምንት ሦስት ሰዎች የአባታቸውን፣ የእናታቸውን ፊት እንዲነቅስላቸው ቀጠሮ ያዙ። ናትናኤል ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሲያይ ከእንግዲህ እንደማያፍርባቸው ተሰማው።

በሃያ አምስተኛው ቀን ወይዘሮ ተናኘወርቅ ተመልሰው መጡ። ሁለት ደንበኞች ወንበር ላይ ተራ እየጠበቁ ነበር። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ቅርፊቱ ተነስቶ ቁስሉ ድኗል። ግራጫው ግን የለም። ጉንጩም ግንባሩም ጠይሙ ቆዳ ውስጥ ሰጥመው ጠፍተዋል። የቀሩት ጥቁሮቹ ብቻ ናቸው፤ ሁለት የዓይን ጉድጓዶች፣ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳዎች፣ አንድ የተሰነጠቀ አፍ። የራስ ቅል ይመስላል።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነብኝ?» አሉት።

ናትናኤል ገና ሲያየው አወቀ። ግራጫውን አቅጥኖታል፤ መርፌውንም አላስገባውም። ጥፋቱ የእጁ እንደሆነ ሆዱ ነገረው። ነገር ግን ሁለቱ ደንበኞች ይሰማሉ፤ በአፉ ላይ የመጣለት ሌላ ነበር።

«በርበሬ ይዘው ነበር?» አላቸው።

እንዴት አልይዝም፣ ሥራዬ አይደለም ወይ አሉት።

«በቃ እሱ ነው። ብናኙ ቀለሙን በልቶታል። ቁስሉ እስኪድን መራቅ ነበረብዎት።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ እጆቻቸውን ገልበጥ አድርገው አዩዋቸው። ጥፍሮቻቸው ሥር ቀይ አለ። «እኔ ነኛ» አሉ በቀስታ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ሁለት ቀን የለፋህበትን አበላሸሁብህ» አሉት። እጅጌያቸውን አውርደው ወጡ። ተራ ይጠብቁ ከነበሩት አንዱ ምን ዓይነት ሰው ነው ቁስሉን የማይጠብቅ ብሎ ሲተች ናትናኤል አዲስ መርፌ ማሽኑ ላይ ገጠመ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገዱን ቀየረ። ወደ ቤቱ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ በበርበሬ ተራ በኩል ነበር፤ እሱ ግን በመናኸሪያው ዞሮ ይሄዳል። ለሦስቱ ባለቀጠሮዎች ማሽኑ ተበላሽቷል አላቸው። ስምና መስቀል መንቀሱን ቀጠለ። ሰው ሲያመሰግነው ግን ቶሎ ወሬ ይለውጣል።

ሐምሌ ላይ አሚኔ የምትባል ሴት ባሏ ለሚከፍተው ሱቅ ታፔላ ልታዝ መጣች። አሰላሙ አለይኩም ብላ ገብታ የምትፈልገውን ጽሑፍ ከነገረችው በኋላ ወሬ ጀመረች። በርበሬ ተራ ላይ የወይዘሮ ተናኘወርቅ ጎረቤት ናት። ናትናኤል ያውቃል ብላ ስላሰበች ያለ ምንም ክፋት ነገረችው። ተናኘወርቅ በርበሬ ትታለች። ቦታዋን ለወንድሟ ልጅ ለኤደን ሰጥታ ገበያው ዳር ሽንኩርት ይዛ ትቀመጣለች። ሽንኩርቱ አልቀናትም። ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትውለው፤ በሙቀት እንኳ አትፈታውም።

«የጠየቃትን ሰው ሁሉ፣ በገዛ እጄ ልጄን ሁለተኛ ገደልኩት ትላለች» አለች አሚኔ። «እኛማ አትበይ እንላታለን። አትሰማም።»

አሚኔ ከሄደች በኋላ ናትናኤል የታፔላውን ሥራ ሊጀምር ብሩሹን አነሳ። የሱቁን ስም ሁለት ጊዜ ገድፎ ጻፈው። ብሩሹን አስቀምጦ ሱቁን በቀን ዘጋ።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄዶ ዮናታን የተባለ ነቃሽ ፈለገ። የዚህ ሰው ሥራዎች ግድግዳው ላይ ካሉት መካከል ነበሩ። ናትናኤል የወይዘሮ ተናኘወርቅ ክንድ ላይ የቀረውን ፊት ከትዝታው በወረቀት ስሎ አሳየው። ዮናታን ገና አይቶት ምን ያህል ውኃ እንደጨመረበት ጠየቀው። ጠይም ቆዳ ላይ የቀጠነ ግራጫ ትኩስ እያለ ያምራል፣ ሲድን ግን ከቆዳው ሥር ይሰወራል አለው። ግራጫው ወፈር ማለት አለበት፤ ብርሃኑን ደግሞ ቆዳው ራሱ ይሰጣል። ናትናኤል የበርበሬ ብናኝ ቀለም ይበላ እንደሆነ ጠየቀ። ዮናታን ሳቀና ያቃጥላል እንጂ የገባ ቀለም አያወጣም አለው። ከዚያ የተነቀሱትን ሴት ምን እንዳላቸው ጠየቀው።

«ምንም አላልኳቸውም» አለ ናትናኤል።

ወደ ቡታጅራ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ያሳፈረው ይሄኛው ነበር። የመጀመሪያውን በድንጋጤ ነው ሊል ይችላል፤ ይሄኛውን ማንም ሳያስገድደው፣ ነገ ሊያገኘው ለማይገደድ ሰው ነው የዋሸው። ቢሆንም ቀጥታ ወደ ወይዘሮ ተናኘወርቅ አልሄደም። መጀመሪያ ሥራውን ልማር፣ ማስተካከል ስችል እነግራቸዋለሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። አራት ወር ዮናታን ዘንድ እየተመላለሰ ተማረ። እሳቸው አራት ወር ሽንኩርት ሸጡ።

ኅዳር ላይ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለሱበት ሰዓት ቤታቸው ሄደ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። በደስታ ተቀብለው ወንበር አወጡለት። አልተቀመጠም።

«በርበሬው አይደለም» አላቸው። «እኔ ነኝ። ቀለሙን አልቻልኩበትም ነበር። ፊት ሠርቼም አላውቅም። የእርስዎ የመጀመሪያዬ ነው።»

«መቼ ነው ያወቅከው?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

«ያን ቀን እጅጌዎን ሲሰበስቡ።»

ጨርቁን ፈቱት። ክንዳቸውን እሱ እንዲያየው ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚያዩት አድርገው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ዘጠኝ ወር» አሉ፤ «በየጠዋቱ ስነሳ ይቅር በለኝ እለዋለሁ። መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ እግዜርን።»

ናትናኤል አሁን መማሩን፣ ሊያስተካክለው እንደሚችል ሊነግራቸው ጀመረ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«እንዳትነካኝ። የገበያ ቀን በርበሬ ተራ ና። እኔ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። አንተም ለሰው ሁሉ ንገርልኝ።»

በገበያው ቀን ረፋድ ላይ ሄደ። ሴቶቹ በጆንያዎቻቸው ፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሸማቹ እያስነጠሰ ያልፋል። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከሽንኩርታቸው ተነስተው መጥተው ዳር ቆመው ነበር። ናትናኤል መሐል ላይ ቆሞ ተናገረ። ድምፁ አልወጣለትም። አሚኔ አልሰማንም፣ ድገመው አለችው። ገዢዎች ቆሙ። ክንዳቸው ላይ ስም የነቀሰላቸው ሁለት ጎረምሶችም ቆሙ። ደገመው። የወይዘሮ ተናኘወርቅ እጅ ምንም እንዳላበላሸ፣ ያልቻለውን ሥራ እችላለሁ ብሎ እንደጀመረ፣ እያወቀም እንደዋሸ ተናገረ። ዓይኑ ከብናኙ የተነሳ እያነባ ስለነበር የሚያለቅስ መሰለ፤ እሱ ግን በዚያች ሰዓት ማልቀስ እንኳ አልተቻለውም።

አንዲት አሮጊት ሳቁ። ሌላዋ ፊቷን አዞረች። ኤደን ከተቀመጠችበት ተነስታ ጆንያውን ወደ አክስቷ ገፋች። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቀስ ብለው መጥተው በድሮ ቦታቸው ተቀመጡና ሁለቱን እጆቻቸውን በርበሬው ውስጥ አስገቡ። ናትናኤል ይሂድ ይቁም ሳያውቅ ተገትሮ ቀረ።

«ሂድ አሁን» አሉት ቀና ሳይሉ። «ገዢ አትከልክልብን።»

ወሬው ወልቂጤ ደረሰ። አቶ ሽፈራው በሳምንቱ መጡ። ስለ ንቅሳት ሥራው ቀድሞ ብዙ ተቆጥተውት ስለነበር ናትናኤል ያንኑ ጠብቆ ነበር። አባቱ ግን የሱቁን ግድግዳ ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ከእነዚህ ውስጥ ያንተ የትኛው ነው አሉት። አንዱም አለመሆኑን ነገራቸው።

«ንቅሳቱ አስቆጥቶኝ ነበር» አሉ። «ይሄኛው ግን አሳፈረኝ።»

ሻይም ሳይጠጡ በዚያው መኪና ተመለሱ። ናትናኤል ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። ደንበኛም ጠፋ፤ ዓመቱን ሙሉ ያኖረው ታፔላ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ወይዘሮ ተናኘወርቅ በራሳቸው ጊዜ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ያስተማረህ ሰው ዘንድ ውሰደኝ አሉት። በማግስቱ አዲስ አበባ ወሰዳቸው። በመንገድ ላይ ያነጋገሩት ስለ መቀመጫውና ስለ መስኮቱ ብቻ ነበር። ዮናታን ክንዳቸውን አይቶ ይሄን ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ።

«እኔ» አለ ናትናኤል። «በርበሬው ነው ብያቸው ነበር። ለአንተም ምንም አላልኳቸውም ያልኩህ ውሸት ነው።»

ዮናታን ገላመጠውና ጓንቱን አጠለቀ። ያን ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠራ። ናትናኤል ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አየ። ጉንጩ በወፍራም ግራጫ ቀስ በቀስ ሞላ፤ ዓይኖቹ ከጉድጓድነት ወጥተው ዓይን ሆኑ። የአፍንጫው ግራ ጎን ግን ከመጠን በላይ ጠቁሮ ስለነበር ሊስተካከል አልቻለም። አንዴ የገባ ጥቁር አይወጣም።

ቁስሉ ድኖ ካበቃ በኋላ ናትናኤል በርበሬ ተራ ሄዶ እንዴት እንደሆነ ጠየቃቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው አሳዩት። ምንተስኖት ነበር፤ አንድ ጎኑ የጠቆረ ምንተስኖት። ደህና ነው አሉትና ወደ ሚዛናቸው ዞሩ። ሰላምታውን ከዚያ በኋላ አልነፈጉትም። ልጄ ብለው ግን ጠርተውት አያውቁም፤ እሱም አልጠበቀም።

በዓመቱ ፊት መንቀስ ጀመረ። ለሚመጣው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ወንበር ሰጥቶ፣ ዛሬ የሚያየው ከወር በኋላ እንዳለ እንደማይቆይ፣ ምን ያህሉ እንደሚደበዝዝ፣ ከዚህ በፊትም የአንዲት እናትን ልጅ ፊት እንዳበላሸ ይነግረዋል። በዚያ ዓመት ስድስት ሰዎች መጡ። አራቱ ሰምተው ሄዱ፤ ሁለቱን ሠራ።