የማታ ውሃ

ወለተ ሰንበት ማጠጫዋን ይዛ ስትደርስ፣ ከሰቆጣ ዳገት ሥር ያለው ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ገብረ አምላክ፣ ሽማግሌውን ዘበኛ ዑስማንን አፋጦ ይዟቸዋል።

"ማታ እዚህ የሚያድረው አንተ ብቻ ነህ። ታዲያ መርዙን ማን ረጨው?"

ዑስማን አንገታቸውን ደፉ። መደቡ ላይ የግራር ችግኞቹ ከግርጌያቸው ጠቁረው ተደፍተዋል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ያ ሁሉ ሕዝብ ከረገፈ በኋላ ተራራውን ያለብሳሉ የተባሉት እነዚህ ነበሩ። ገብረ አምላክ ነገሩን "የፀረ አብዮት ሥራ" ብሎታል፤ በዚያ ዘመን ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው ወደ ቤቱ መመለሱ ያጠራጥር ነበር።

የደን ባለሙያዋ ጸሐይነሽ አንዱን ችግኝ ነቅላ በጣቷ ፈተገችው። ቅርፊቱ ሙልጭ ብሎ ወጣ።

"መርዝ አይደለም፣ ጓድ። ፈንገስ ነው፤ የሻጋታ ዘመድ። እርጥበት ሲበዛ ከሥር ያበሰብሰዋል። በቀን ስንቴ ታጠጣላችሁ?"

"አንዴ። ጠዋት" አለ ገብረ አምላክ።

"አይመስለኝም።"

ወለተ ሰንበት ማጠጫዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ለካ ገዳይዋ እሷ ናት! ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ብትል ግን የሚታሰሩት ዑስማን ናቸው።

"እኔ ነኝ" አለች። "ማታ ስሄድ እደግምላቸዋለሁ። አፈሩ ደርቆ ሳይ አንጀቴ አልችል አለኝ። ውሃ ይገድላል ብዬ በምን አውቄ?"

ዑስማን ቀና አሉ።

"እኔም ከመግሪብ ሶላት በኋላ አጠጣቸዋለሁ፣ እቴ። የጠማው ነገር ማየት አልወድም።"

ጸሐይነሽ ወደ ገብረ አምላክ ዞረች። እሱ ወደ ተራራው እያየ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንዳንድ ቀን... ምሳ ሰዓት ላይ፣ ትንሽ" አለ።

መጀመሪያ የሳቁት ዑስማን ናቸው። ወለተ ሰንበትም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ገብረ አምላክ ራሱ "ይቅር ይበሉኝ፣ አያ ዑስማን" አለ፤ "አንተ" ማለቱንም ያን ጊዜ ተወ።

"እስከ ተነገወዲያ ጠብታ እንዳታስነኳቸው" አለች ጸሐይነሽ። "የታመሙትን ነቅላችሁ አቃጥሉ። ጤነኞቹን አራርቃችሁ ፀሐይ ስጧቸው፤ ይተርፋሉ።"

አመሻሹ ላይ ወለተ ሰንበት በልማዷ ማጠጫውን ሞልታ መደቡ አጠገብ ቆመች። አፈሩ ደርቋል። አንጀቷ አሁንም አልቻለም። ጨክና አለፈችውና፣ በሩ ጋ ለመግሪብ ሊታጠቡ እጅጌያቸውን ወደ ሰበሰቡት ዑስማን ሄደች።

"አያ ዑስማን፣ እጅዎን ይዘርጉ" አለች፤ ማጠጫው ባዶ እስኪሆንም አፈሰሰችላቸው።