ጋኑ እስኪመሽ ቀፎ ነው

«አርባ ጽጌረዳ?» አሉ አያ ደግሰው፣ መቀሴን ተቀብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው እየሞከሩ። «ለመቼ ነው?»

አበባውን የምጨምርበት ጠጅ የሚደርስበትን ቀን የጠየቁኝ መሰለኝ። «ለኅዳር ስድስት» አልኳቸው።

«ቤተሰብ ያውቃል?»

«አክስቴ ታውቃለች። ማሩንም የሰጠችኝ እሷ ናት።»

«ማር ከሰጠችማ ፈቅዳለች።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጁስ የዚሁ የሰቆጣ ነው?»

የሚያወሩት ስለ ሠርግ መሆኑ ያኔ ገባኝ። አይደለም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህሩ በሌላ ልጅ ስም ሲጠራኝ አንድ ሴሚስተር ሙሉ «አቤት» ስል የቆየሁ ሰው ነኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። እኛ አገር ስለ ሠርጓ የተጠየቀች ልጅ መሬት ካየች ከዚያ በላይ ግልጽ መልስ የለም።

ያን ያህል ጽጌረዳ ያለው እሳቸው ግቢ ብቻ ነው። የተከሉት ለልጃቸው ሠርግ ነበር። ሙሽራው የአበርገሌ ሰው ስለነበር አበባው በአህያ ተጭኖ ቆላ እስኪወርድ ድረስ እንደ ጎመን ተቀቀለ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አንዲት አበባ ሰጥተው አያውቁም። ለእኔ አርባ ሁለት ቆረጡልኝ። ሁለቱ ምርቃት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የኅዳር ቁስቋም ማኅበር ጽዋ ተራው የአክስቴ የእታለም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ተራዋ ሲደርስ ጠጇ ኮምጥጦባት፣ ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኛው ጎመን በቀረበ ቁጥር «ከእታለም ጠጅ ጠብ አድርጉበት» ይላል። አክስቴ ትስቃለች፤ ቤት ገብታ ግን እህል አትቀምስም። ዘንድሮ ነጩን ማሯን በሙሉ ለእኔ አስረከበችኝ፤ የተማርኩት የምግብ ሳይንስ ነዋ። «ይኼ ከኮመጠጠ ከማኅበሩ እወጣለሁ» አለችኝ። ቀልዷን አልነበረም።

ጋኑን በወይራ አጠንኩ፣ ብርዙን በጠበጥኩ፣ ጌሾውን አስገብቼ በጊዜው አወጣሁ። በመጨረሻ የጽጌረዳውን አበባ ዘርዝሬ በነጭ ሻሽ ቋጥሬ ጨመርኩት። አክስቴ ክዳኑን ገልጣ አሸተተች።

«ይኼ ጠጅ ነው የገላ ሳሙና?»

«ይጣፍጣል፣ እትዬ።»

«ካልጣፈጠ ማኅበርተኛውን አጥቤ እሸኛለሁ።»

ኅዳር ስድስት ጠዋት ጠጁን ላጠል ጋኑን ደጅ አውጥቼ እንደከፈትኩት፣ ከአጥሩ ማዶ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ነገር መጣ። የንብ መንጋ ነበር። ጋኑን አንዴ ዞረውና አፉ ላይ ሰፈሩ፤ ጋኑ ጢም አበቀለ። ከኋላቸው አያ ደግሰው ደረሱ። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። በአንድ እጃቸው አፈር እየበተኑ በሌላው በግ ይጎትታሉ።

«ኮበለሉብኝ!» አሉ። «ጋኑን እንዳትነኩ! ንብ ያረፈበት ነገር እስኪመሽ ቀፎ ነው።»

እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ አፈር እየበተነ የተከተለ ሰው ንቡን አያጣም፤ ያረፈበትም ነገር ሳይመሽ አይነካም። ብዙ ጊዜ ግን የሚያርፈው ዛፍ ላይ ነው። ጠጅ የሞላ ጋን ቀፎ ይሆናል ሲባል የሰማ የለም፤ አይሆንም ሲባል የሰማም የለም።

«ዛሬ እኮ ማኅበር አለብኝ!» አለች አክስቴ።

«ሠርጉንና ማኅበሩን ባንድ ቀን ደረባችሁት?»

«የምን ሠርግ?»

አያ ደግሰው እኔን አዩ። እኔ መሬት አየሁ። አክስቴ መሬት ሳይ አየችኝና እሪ አለች።

እሪታዋ እልልታ መስሏቸው፣ ይሄኔ በር ላይ የደረሱት መምሬ ገብረ አምላክና ማኅበርተኛው እልል እያሉ ገቡ። አያ ደግሰው ሠርግ ነው አሉ፤ በጉ ከምሰሶ ታሰረ። ሙሽራው ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ሁሉም ግን ሌላው ያውቃል ብሎ ያስባል። አንዷ ረጅም ነው አለች። ሌላዋ አምደወርቅ ከተማ ቢሮ አለው አለች። እኩለ ቀን ላይ መሐንዲስ ሆነ። እኔም ላየው ትንሽ ጓጓሁ።

መምሬ ገብረ አምላክ ለዳኝነት ተቀመጡ። «ጋኑ እስኪመሽ ቀፎ ነው፤ ይሁን። ሲመሽስ?»

«አበባዬን የሰጠሁት ለሠርግ ነው፣ መምሬ» አሉ አያ ደግሰው። «ለሠርግ የተሰጠ ለማኅበር አይጠጣም። ሙሽራው ይምጣና እሱ ይቅዳልን። የልጄ ሙሽራ እንኳ አበባ ሳያይ ቀርቷል።»

አክስቴ ተነስታ ጽዋውን ከመደቡ አነሳች። አስረክባ ከማኅበሩ ልትወጣ ነበር።

«ሙሽራው በስንት ሰዓት ይደርሳል፣ ልጄ?» አሉኝ መምሬ።

«አይደርስም» አልኩ።

«መንገድ ያዘው?»

«የለም፣ መምሬ። መሐንዲሱ የለም። አበባውን የወሰድኩት ለጠጁ ነው። አያ ደግሰው ሲጠይቁኝ አፍሬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእትዬ አይደለም።»

ይህን ያህል ቃል በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። «ወይኔ!» አለች ረጅም ነው ያለችው ሴት፣ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ እየወሰደች፤ «እንዴት ያለ ልጅ ነበር!»

አያ ደግሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ በጉስ?» አሉ።

መምሬ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ዝምታ ቃል አይደለም፤ በዝምታ ግን አርባ አበባ ተወስዷል።»

«አርባ ሁለት» አሉ አያ ደግሰው።

«አርባ ሁለት። እንግዲህ ማሩ የእታለም ነው፣ አበባው የደግሰው። የዛሬው ጽዋ የሁለታችሁ ይሁን። በጉ ይታረድ። ጠጁን እስኪመሽ እንጠብቃለን።»

ጠበቅን። ንቦቹ ግን አልጠበቁም። ጠጁን እየቀመሱ አንድ በአንድ በጀርባቸው ይወድቁ ጀመር። አያ ደግሰው በባርኔጣቸው እየለቀሙ በአገራችን አገውኛ፣ በኽምጣኛ ይቆጧቸዋል፤ አማርኛ አይሰሙም ይላሉ። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። «ሳይጣራ ሠርግ ይኬዳል?» ነበር የሚሏቸው።

ሲመሽ አውራዋን ቀፎ ውስጥ አስገቡ፤ መቆም የቻሉት ተከተሏት። ጠጁን አጠለልኩ። ማጥለያው ላይ አሥራ አንድ ንብ ቀረ። አክስቴ የመጀመሪያውን ብርሌ ለመምሬ ሰጥታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። መምሬ አፋቸው ውስጥ ብዙ ያዙት።

«ኮምጣጤ አይደለም» አሉ። «ምን እንደሆነ አላውቅም። ድገሚኝ።»

የታኅሣሥን ጽዋ አያ ደግሰው ተቀበሉ። ጠጁን የጣልኩላቸው እኔ ነኝ፤ ግቢያቸው ውስጥ አንድም አበባ ስላልቀረ ጽጌረዳ አልገባበትም።