አንደኛ ደረጃ ገል

ኧረ ሂዳያ ያን ቀን ያረረችውን ማረር! ጠዋት በርበሬ በረንዳ ገበያ ስትደርስ ያስቆፈረችው ጉድጓድ ባዶ ነው። ትናንት ጫፉ ብቅ ብሎ ያየችው የጥንት ምድጃ የለም፤ ከነአመዱ፣ ከነሸክላ ገሉ ድራሹ ጠፍቷል። ያለበሰችው ሸራ ብቻ ተጣጥፎ ዳር ላይ ተቀምጧል።

ሂዳያ የቅርስ ባለሙያ ናት። የፍሳሽ ቱቦ ከመቀበሩ በፊት መሬቱን መርምሪ ተብላ ነው የመጣችው። የቱቦው መስመር ደግሞ በጋሼ ባህረዲን የበርበሬ ሱቅ ላይ ነው የሚያልፈው። ምድጃው እንደተቀበረ፣ ከቦታው ሳይነሳ ለሥራው ኢንጂነር ከታየ መስመሩ ወደ አስፋልቱ ይዞራል፤ ካልታየ ሱቁ ይፈርሳል፣ አለቀ። ትናንት ገና ሳትለካው፣ ፎቶ እንኳ ሳታነሳው ዝናብ ወረደባትና "ጋሼ፣ በአላህ ይጠብቁልኝ" ብላ ሄደች።

"ጋሼ ባህረዲን! የታለ?"

ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ ከሱቅ ወጡ። "ነይማ ልጄ፣ ነይ እዪው!"

ገሉ ሁሉ ታጥቦ ማዳበሪያ ላይ ተሰጥቷል። ልክ እንደ ዛላ በርበሬ፣ ትልልቁ ለብቻ፣ መካከለኛው ለብቻ፣ ደቃቃው ለብቻ።

"ሱብሂ ሰግጄ ነው የጀመርኩት። ጭቃ የበላው ዕቃ ለመንግሥት ሰው ይታያል እንዴ? ይኸው አንደኛ ደረጃ፣ ይኸው ሁለተኛ። ወላሂ አንዷንም አልሰበርኩም!"

"አመዱስ?"

"አመድ ምን ይሠራል? ጠርጌ ደፋሁልሽ።"

ሂዳያ ጭንቅላቷን ያዘች። እንዳትጮህባቸው አባቷን የሚያክሉ ሰው ናቸው፤ ዝም እንዳትል የሚፈርሰው የእሳቸው ሱቅ ነው። እሷስ ብትሆን ጠብቁ አለች እንጂ መች አትንኩ አለች?

የቱቦው ሥራ ኃላፊ ኢንጂነር ፍስሐ መቆፈሪያውን እስካቫተር አስከትሎ መጣ። ገሉን አየት አደረገና "ቆንጆ ነው" አለ። "ግን ከዚህ መውጣቱን በምን ልወቅ?"

"በዓይኔ አይቻለሁ!"

"እሺ፣ የቱ ጋ ነበር? አሳዪኛ።"

ምኑን ታሳየው? ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

"አዝናለሁ፣ መስመሩ አይዞርም" አለ ፍስሐ። "ጋሼ፣ የሱቅዎን ዕቃ ዛሬውኑ ያውጡ።"

ጋሼ ባህረዲን ግራ ተጋብተው ወደ ሂዳያ ዞሩ። "ምነው ልጄ፣ አነሰ እንዴ?"

መልሷንም ሳይጠብቁ አካፋቸውን አንስተው ተጨማሪ ገል ሊያወጡላት ወደ ጉድጓዱ ወረዱ።