ቀዩ ቆርኪ ሲለግም

መምህርቷ የተቀጠረችው ለስድስት ወር ሙከራ ነበር፤ ስድስተኛው ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዛሬ አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው ያዩዋትና ቅጽ ይሞላሉ። ከመቶ ሰማንያ ካገኘች ቅጥሯ ይጸናል፤ ካላገኘች በሰላም ትሸኛለች። ጠዋት እናቷ ደውላ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ባይሆንም አጎትሽ መነጽር ቤት ሰው ይፈልጋል» ብላ አጽናንታታለች። ከዚያ ማጽናኛ በኋላ ቁርሷን ትታ ተነሣች። የአጎቷ ሱቅ ቆማ ለመጣው ሁሉ «ይቺኛዋ ፊትዎን ታሳምራለች» ስትል ታያት።

የዕለቱ ትምህርት ሬዞናንስ ነበር፤ አንዱ ሲወዛወዝ ምቱ እኩል የሆነውን ሌላ ማወዛወዙ። ከመስኮቱ ብረት እስከ ኮት መስቀያው ድረስ አንድ ሲባጎ ወጠረች። በሲባጎው ላይ ቁመታቸው የተለያየ አምስት ክሮች አንጠለጠለች፤ በየክሩ ጫፍ ቀለም የተቀባ ቆርኪ አለ። ስድስተኛው ክር ላይ ከባድ ነገር መንጠልጠል አለበት፤ ሌሎቹን የሚነዳው እሱ ነው። ትናንት የሞከረችው በላብራቶሪው ትንሽ የብረት ኳስ ነበር፤ ሠርቶላታል። ዛሬ ግን ኳሱን አንዱ መምህር ወስዶታል፣ የት እንዳደረሰው አይታወቅም። ፍለጋ መግባት የእሷ ጠባይ አይደለም። የቁም ሣጥኑን ትልቅ ጓጉንቸር ነቅላ አሰረችው። ክብደት ለውጥ አያመጣም፤ ወሳኙ ቁመት ነው። ክሩን ለካች፤ ልክ አርባ ሳንቲ ሜትር፣ እንደ ቀዩ ቆርኪ ክር። በቃ።

ኃላፊው ገብተው ከኋላ፣ ለቁመታቸው የማይበቃ ወንበር ላይ ተጣጥፈው ተቀመጡ። የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን የቤንዚንን ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ሰሌዳ ላይ ሲሥሉ ስለኖሩ፣ የመኪናውን ሳይሆን የኬሚስትሪውን፣ ተማሪው በሌሉበት «ጋሽ ቤንዚን» ይላቸዋል። እሳቸውም ይሰማሉ፤ እንዳልሰማ ያልፋሉ።

«ዥዋዥዌ ገፍታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች መምህርቷ። «በራሱ ምት ከገፋችሁት ትንሽ ግፊት እየተጠራቀመ ከፍ ይላል። ያለ ምቱ ከገፋችሁት ግን ልፋት ብቻ። እዚህም እንደዚያው ነው። ጓጉንቸሩ ሁሉንም ይገፋል፤ ሞቅ ብሎ የሚወዛወዘው ግን እኩያው ብቻ ነው። የትኛው ይመስላችኋል?»

«ቀዩ!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

ጓጉንቸሩን ለቀቀችው። ቆርኪዎቹ ተንቀጠቀጡ። ቀዩ ትንሽ ወዲህ ወዲያ አለና ለገመ። ከቀዩ በስድስት ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ሰማያዊው ግን ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው ይወዛወዝ ጀመር።

ጓጉንቸሩን አቁማ እንደገና ለቀቀችው። ያው ሰማያዊው።

ከመሀል ረድፍ አንድ ልጅ እጁን አወጣ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» ይሉታል። «ቲቸር፣ ኬሚስትሪ ላይም ሬዞናንስ የሚባል አለ፤ እዚያ ግን የሚወዛወዝ ነገር የለም ተብለናል። ቀዩ ያንን ተምሮ ይሆን እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሃምሳ አንገት ወደ ኋላ ዞረ፣ ጋሽ ቤንዚን ይስቁ እንደሆነ ለማየት። እሳቸው ቅጹ ላይ አቀርቅረው ይጽፋሉ።

መምህርቷ ይህን ጊዜ ነው ያልታሰበውን ያደረገችው። ሲባጎውን የምታስተካክል መስላ ተጠጋችና በእስክሪብቶዋ ጫፍ ቀዩን ነካ፣ ነካ አደረገችው። ቀዩ ተወዛወዘ።

«አያችሁ? ጊዜ ነው የፈለገው» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ቲቸር።» ከፊት ረድፍ ያለችው ቀጭን ልጅ ነበረች፤ የእያንዳንዱን መምህር የፈተና እርማት እንደገና ስለምታጣራ «ኦዲተር» ብለዋታል። «በእስክሪብቶ ነኩት እኮ።»

ሬዲዮ እንኳ ተዘጋ።

«ሳላስበው ነው» ማለት ይቻል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር ቃሉ። የልጅቷን ፊት አየች፤ ክፋት የለበትም፣ ያየችውን ነው የተናገረችው። እንዲያ ካለቻት ነገ ይህች ልጅ ዓይኗን መጠራጠር ትጀምራለች፤ ያስተማረቻትም እሷ ትሆናለች።

«አዎ፣ ነካሁት» አለች። «ቀዩ ይወዛወዛል ብያችሁ ስላልተወዛወዘ አፍሬ ነው ያጭበረበርኩት። ለምን እንደለገመ አላውቅም። የሚያውቅ አለ?»

ከኋላ የኃላፊው እስክሪብቶ ቆመ። በቃ፣ መነጽር ቤት፣ አለች በልቧ። የሚገርመው ግን ትከሻዋ ቀለላት።

«ጓጉንቸሩ ስለከበደ ነው» አለ ሬዲዮ፣ ወዲያው ተከፍቶ።

«ክብደት አይደለም፣ ባለፈው ሳምንት ሞክረናል» አለችው ኦዲተር። «አንተ ተኝተህ ነበር።»

«ዓይኔን ጨፍኜ እያሰብኩ ነበር!»

«እያንኮራፋህ?»

«ኑ ውጡ፣ ሁለታችሁም» አለች መምህርቷ። «ሬዲዮ፣ ሰዓት ያዝ። አሥር ምልልስ ቁጠር።»

ቀዩ አሥሩን ምልልስ በአሥራ ሁለት ሰከንድ ከሰባት ጨረሰ፤ ሰማያዊው በአሥራ ሦስት ከስድስት። ጓጉንቸሩ ሲቆጠርም አሥራ ሦስት ከስድስት ሆነ።

«ውይ! የሰማያዊው እኩያ ነው» አለ ሬዲዮ። «ቆርኪዎቹማ ትክክል ናቸው። የተሳሳትነው እኛ ነን።»

«ግን እኮ ክሩ አርባ ነው» አለች መምህርቷ፤ ከተማሪዎቹ ይልቅ ለራሷ ነበር የምትናገረው።

ኦዲተር ማስመሪያዋን አምጥታ ክሩን ለካች፤ አርባ። ከዚያ ቆም አለች፣ ማስመሪያውን ወደ ታች አንሸራተተችና በጓጉንቸሩ ሆድ ላይ አጋደመችው። «ቲቸር፣ እርስዎ የለኩት ቋጠሮው ድረስ ነው። ብረቱም እኮ አብሮ ይወዛወዛል። እስከ ሆዱ መሀል... ስድስት ይጨመራል።»

አርባ ስድስት። መምህርቷ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ትንሿ ኳስ ከቋጠሮው እስከ መሀሏ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ለዚህ ነው ትናንት ያላጋለጠቻት። የጓጉንቸሩን ክር በስድስት አሳጠሩት። መምህርቷ እጇን ከኋላዋ አጣምራ ከሲባጎው ሁለት እርምጃ ራቀች፤ ጓጉንቸሩን ኦዲተር ለቀቀችው። ቀዩ መጀመሪያ ዳር ዳር አለ፣ ከዚያ ሰፋ፣ ከዚያ ጭራሽ ሰሌዳውን ሊመታ ደረሰ። ሬዲዮ ጎል የገባ ይመስል ጮኸ። ደወሉ ሲደወል የተነሣ ሰው አልነበረም።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ ኃላፊው በቢሯቸው ወንበር አቀረቡላት። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንድ ረድፍ ባዶ ተትቷል፦ «የተግባር ማሳያ፣ ከአሥር»።

«እንኳን ነካሽው አልልሽም» አሉ።

«ይበሉኝ አላልኩም፣ ጋሼ።»

ፈገግ አሉ። «እኔ የኬሚስትሪውን ሬዞናንስ፣ ቤንዚን ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ይዘላል እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። የምንሥለው ሁለት ሥዕል ነው፤ እሱ ግን አንዱም ሌላውም አይደለም፣ የትም አይዘልም፣ በመካከላቸው አርፎ የተቀመጠ አንድ ነገር ነው። አንዲት ልጅ ‹ሲዘል ማን አየው?› አለችኝ። ‹ለፈተና ይበቃሻል፣ ተቀመጪ› አልኳት። በኋላ መጽሐፍ ገልጬ ሳይ እሷ ልክ ናት። ሄጄ አልነገርኳትም። አሁን የት እንዳለች እንኳ አላውቅም።»

ኃላፊው ቅጹን ወደ እሷ ገፉት። «ባዶውን አንቺ ሙዪው።»

ችኩል ስለሆነች ቅጹ ሳይደርሳት ደምራው ነበር። ሰባ ስድስት። አራት ያስፈልጋታል። አሥር ብትጽፍ ኃላፊው ይፈርማሉ፣ ታውቃለች። ዜሮ ብትጽፍ ደግሞ ለራሷ ጀግና መስላ አጎቷ ጋ ትገባለች። ሁለቱም አስጠሏት። እስክሪብቶዋን አንሥታ «5» ጻፈች።

«ለምን አምስት?»

«ግማሹ የእኔ ማጭበርበር ነው፣ ቀንሼዋለሁ። ግማሹ የልጆቹ ሥራ ነው፤ እሱን መቀነስ አልችልም።»

ኃላፊው ሰማንያ አንድ ብለው ደመሩና ፈረሙ። «እኔ እንኳ ስምንት ልሰጥሽ አስቤ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ጠይቀሽኛል?»

መምህርቷ ቅጹን ለመንጠቅ እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን ቀድመዋት መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።