«አይደል» የሌለበት ጥያቄ

የሳሙና ፋብሪካው ባለቤት መጠይቁን ራሱ ጽፎ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ «የእኛ ሳሙና ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ያጸዳል፣ አይደል?» ይላል። ባለፈው ዓመት በገዛ ሠራተኞቹ ይህንኑ አስጠይቆ፣ ከአንዳንድ ነገረኛ በቀር ሰው ሁሉ «አዎ» ብሎለታል። ሳሙናው ግን መጋዘን ውስጥ እስከ ጣራ ተከምሮ፣ ገዢ አጥቶ እየደረቀ ይሰነጣጠቃል። ሰውዬውን እንቅልፍ የነሳው ይሄ ነው፤ ሁሉም ያመሰግነዋል፣ ማንም አይገዛውም።

የገበያ ጥናት ቢሮው አሠልጣኝ ወረቀቱን ተቀበለችው። ቀይ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ መሀል መዘዘችና «አይደል» የምትለዋን ቃል ሰረዘቻት።

«ሰው አልዋሸዎትም» አለችው። «እርስዎ መልሱን አጎረሱት፣ እሱም ይሉኝታ ይዞት ዋጠልዎት። ደጁ ድረስ የመጣን ሰው ማን ያሳፍራል?»

ባለቤቱ ቅር አለው። ቢሆንም ሥራውን ሰጣት፣ ለሠልጣኞቿ መለማመጃ ይሁን ብሎም አንድ ካርቶን ሳሙና ጥሎላት ሄደ። እሷም ካርቶኑን ቤቷ ወሰደችው።

ይህች ሴት ሥራዋ ከቤት ቤት እየዞሩ መረጃ የሚሰበስቡ ወጣቶችን ማሠልጠን ነው። ወጣቶቹ ስታትስቲክስ ሲባል የሚታያቸው ቁጥር ብቻ ነው፤ አማካይ፣ መቶኛ፣ ሰንጠረዥ። እሷ ገና በመጀመሪያው ቀን ታረጋጋቸዋለች። «ስሌቱን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። እናንተ ጥያቄውን አታበላሹብኝ። በተበላሸ ጥያቄ ሺህ ሰው ብትጠይቁ፣ ይዛችሁ የምትመጡት ሺህ ብላሽ መልስ ነው።» ከዚያ ሕጎቿን ትደረድራለች። ጥያቄ መልሱን አዝሎ አይሄድም። ጠይቀህ ስታበቃ ዝም በል፤ ዝምታው ከከበደህ አንተን ብቻ አይደለም፣ ተጠያቂውንም ከብዶታል፣ እሱ ይስበረው። መልሱ አጭር ከሆነ «ሌላስ?» በል እንጂ አትጨምርለት። ለቁጥጥር አብሮ የሄደ ሰው ደግሞ ቤት ቢቃጠል እንኳ አፉን አይከፍትም። «አይደል» ብሎ የጠየቀ ሠልጣኝ ያን ቀን ከፊቷ ባይቀርብ ይሻለዋል። ልጆቹም ከኋላዋ «እትዬ አይደል» የሚል ስም አወጡላት። ታውቃለች፤ ስሙን እንደ ሽልማት ነበር የምታየው።

እንግዲህ ጉዱ ቤቷ ነው። እትዬ አይደል የምትኖረው ከአባቷ ጋር ብቻ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷን ወደ እሷ አምጥታው፣ ሳሎኑ መስኮት ሥር ከነስፌት መኪናው አስቀምጣዋለች። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው። በየጠዋቱ ቦርሳዋን እያነገተች ከበሩ ላይ «አባዬ፣ ደህና አደርክ አይደል?» ትለዋለች።

«ደህና፣ ተመስገን።»

«እሰይ» ትልና ትወጣለች። ማታ ስትገባ ደግሞ «በልተሃል አይደል?» ነው።

«በልቻለሁ፣ እናቴ።»

«እሰይ።»

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ለባዳ ሰው ሳሙና የምታስጠይቅበትን ጥንቃቄ ከበሯ ውጭ አስቀምጣ ነበር የምትገባው። ደግሞ እንዳትፈርዱባት፤ ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ልጅ፣ ያን መልስ ያልሰጠ አባት ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ፍቅር ነው እኮ። አባቷን እንደ ነፍሷ ትወደው ነበር፤ ስለምትወደውም መልሱ ሌላ እንዲሆን አትፈልግም ነበር።

ሥልጠናው ባለቀበት ሳምንት እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ቤት ገብቶ በእሷ ፊት እንዲጠይቅ ተባለ። ሁሉም ተራቸውን ጨርሰው የቀረችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ጓደኞቿ «ዝምተኛዋ» ይሏታል፤ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም። የተመደበላት ቤት ቢንኳኳ፣ ቢንኳኳ ሰው የለም። ውሻው ብቻ ሊበላቸው ደረሰ።

«ነገ ሥራው ይጀመራል» አለች እትዬ አይደል ሰዓቷን እያየች። «የእኔ ቤት እዚሁ ጀርባ ነው። ነይ፣ አባቴን ጠይቂው።»

«ዘመድ አይጠየቅም ብለውን አልነበር፣ እትዬ?»

«ለዋናው ጥናት ነው እሱ። ይሄ ለልምምድ ነው፣ አይቆጠርም።»

አባትየው እንግዳ ሲያይ ከወንበሩ ሊነሳ ሞከረ፤ ልጅቷ ቀድማ ጎንበስ አለችለት። ዓላማዋን በተማረችው መሠረት አስረዳችው። ስሙ እንደማይጻፍ፣ ልክ ነው ወይም ስህተት ነው የሚባል መልስ እንደሌለ፣ ካልፈለገ መተው እንደሚችል ነገረችው። ሽማግሌው ደስ አለው። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካክሎ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እትዬ አይደል ከልጅቷ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ በርጩማ ላይ ሆነች።

«በዚህ ቤት ልብስ የሚያጥበው ማን ነው?»

«ድሮ ልጄ ነበረች። አሁን አሁን እኔ ነኝ።»

ይህን ታውቃለች። ሥራ መፍታት ሰልችቶት ነው ብላ ነበር የያዘችው፤ እንዲያውም ለቢሮ ሰው ሁሉ «አባቴ ልብስ አጣቢ ወጣው» እያለች ታስቅበታለች።

«ካለፈው በጋ ወዲህ የልብስ ሳሙና አጠቃቀማችሁ እንዴት ነው?»

«ጨምሯል» አለ አባትየው። ትንሽ አሰበ። «በጣም ጨምሯል። ልጄ በቅርቡ አንድ ካርቶን ሙሉ አምጥታ ነበር፤ እሱም ወገቡ ላይ ደርሷል።»

«የጨመረበትን ምክንያት ቢነግሩኝ?»

ሽማግሌው እጁን ስፌት መኪናው ላይ አሳርፎ መሽከርከሪያውን በጣቱ ወዲህ ወዲያ አለው። ዝምተኛዋም ዝም አለች፤ ስሟ በከንቱ አልወጣላትም። እትዬ አይደል ግን በርጩማው ቆረቆራት። «ሥራ ስለፈታህ ነው አይደል፣ አባዬ?» የሚለው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሕጉ የራሷ ሆነና ዋጠችው። አባትየው ቀና ብሎ በልጅቷ ትከሻ በኩል አያት። ከዚያ ወደ ጠያቂዋ ተመለሰ።

«የምበላው አይቀመጥልኝም» አለ። «ይመለሳል። አንዳንዴ ሳልነሣ እዚያው አልጋው ላይ ይቀድመኛል። አንሶላውን አጥባለሁ፣ ሸሚዜን አጥባለሁ። ልጄ ሥራ ከሄደች በኋላ ነው የማጥበው፣ እስክትመጣ ይደርቃል። ሰሞኑን ደግሞ ደም አለው። ደም በሙቅ ውሃ ካጠብሽው እዚያው ይቀራል፤ በቀዝቃዛ ነው፣ እሱ ደግሞ ሳሙና ይበላል።»

ዝምተኛዋ የሰማችውን ጻፈች። ወደ ኋላ ዞር ብላ አሠልጣኟን ማየት ፈለገች፤ ተቆጣጣሪን ማየት ክልክል ነው። የተማረችውን ከመናገር በቀር ምን ታድርግ፤

«ሌላስ?» አለች በቀጭኑ።

«ሌላማ ልብሴን ማጥበብ ነው። ሱሪዬን ሁለቴ አጠበብኩት፣ ኮቴን ትከሻው ላይ ቀነስኩት። ሰፊ ሆኜ ልብስ ሰፍቶኝ ልታይ እንዴ?» በራሱ ቀልድ ትንሽ ሳቀ። «እሱ እንኳን ክር ነው የሚፈልገው፤ ከሳሙናው አትጻፊው።»

እትዬ አይደል አባቷን አየችው። መረጃ የሚሰበሰበው በመጠየቅ ብቻ አይደለም፣ በማየትም ነው ብላ ስንቱን አስተምራለች። ሱቅ በር ላይ ቆመው የገዢውን እጅ እንዲመለከቱ ልካቸዋለች። ዓይን ለራሱ ባዳ ነው። ኮቱ ልክክ ብሎበት፣ ሱሪው ወገቡ ላይ ተስተካክሎ፣ በየማታው መስኮቱ ሥር ሲሰፋ እያየች «ሥራ አላጣም» ብላ ደስ ይላት ነበር። የሚሰፋው ግን የራሱን መክሳት መሸፈኛ ነበር። አሁን አንገቱን፣ ከኮሌታው በላይ ያለውን፣ ሊሰፋም ሊጠብም የማይችለውን አንገቱን አየች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አለቀሰች።

ልጅቷ መጠይቁን እስከ መጨረሻው አልጨረሰችውም። «ስለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ፣ አባባ» ብላ ተነሣችና ጉልበቱን ስማ ወጣች። ጉልበት መሳም ያስተማራት የለም።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ እትዬ አይደል በርጩማዋን ጎትታ ፊቱ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ» አለ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ የክር ቀለም እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው።

«በየቀኑ እጠይቅህ የለ እንዴ፣ አባዬ!»

«እሱማ ‹ደህና አደርክ አይደል› ትይኛለሽ። እና ደህና አይደለሁም ልበልሽ? ቦርሳሽን አንግተሽ፣ በሩን ከፍተሽ፣ ደህና መሆኔን ራስሽ ነግረሽኝ? አንቺን ውሸታም ማድረግ ሆነብኝ። ‹በልተሃል አይደል› ስትይኝ ደግሞ በልቻለሁ። ተቀመጠልህ ወይ አላልሽኝም።» እጇን ያዘ። «ልጅቷ ግን ጠየቀችኝና ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ሰው እንዲያ ሲጠብቅሽ ምን ብለሽ ትዋሺዋለሽ?»

ሆድ ይፍጀው ብሎ ነበር የያዘው። ሆዱም እውነትም እየፈጀው ኖሯል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የአባቷን ሆድ ምስል ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ አየው። «መቼ ጀመረው?» ብሎ ጠየቃት። እሷ የከተማውን ሰው ሁሉ ስለ ሳሙና ያስጠየቀች ሴት፣ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ መለሰላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት ተረት ሐኪሙ አፍ ላይ ባይመጣም ፊቱ ላይ ነበር። ቀደም ብሎ ቢሆን እጢውን ቆርጦ ማውጣት ይቻል እንደነበር፣ አሁን ግን ወደ ጉበቱ ማለፉን፣ የሚሰጠው መድኃኒት ሕመሙን ለማስታገስ ብቻ እንደሆነ በቀስታ ነገራት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እየሰማችው አንድ ነገር ብቻ ትቆጥር ነበር፤ ከበሩ ላይ «እሰይ» ብላ የወጣችባቸውን ጠዋቶች። መጨረስ አልቻለችም።

ከዚያ በኋላ ቢሮ አልሄደችም። የሳሙናውን ጥናት ሌሎች ሠሩት፤ ሳሙናው ያጸዳል ግን ውሃ ሲነካው ይፈርሳል አሉ፣ ባለቤቱም ከማንም ምስጋና ይልቅ በዚያ ተጠቀመ። እሷ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ከጎኑ ከረመች። ቦርሳ ሳታነግት ጠየቀችው። «ምን ይሰማሃል?» ትለውና ዝም ትላለች። እሱም ይነግራታል። ሕመሙ የት እንደሚጀምር፣ ማታ ምን እንደሚፈራ፣ እናቷን መጀመሪያ በምን ልብስ እንዳያት፣ እሷ ስትወለድ ወንድ ነው ብሎ ሱሪ ሰፍቶ እንደጠበቃትና እንዴት እንዳፈረ ነገራት። «ሌላስ?» ስትለው ሌላም ነበር። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ አብረው በኖሩባቸው ዓመታት ካወቀችው የበለጠ አባቷን አወቀችው፤ ያወቀችውን ያህልም የምታጣው በዛባት። ይህን ማንም አላስጠነቀቃትም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስፌት መኪናው ላይ አርፋ፣ እሷ በማንኪያ ውሃ ከንፈሩን እያረጠበች ሳለ ዓይኑን ገለጠ። ድምፁ አልቆ ነበርና ጆሮዋን አስጠጋች።

«እናቴ» አለ። «እኔ ስሄድ ደህና ትሆኛለሽ፣ አይደል?»

ማንኪያው እጇ ላይ ቆመ። ይህን ጥያቄ ስንቴ ሰርዛዋለች። እውነቱን የፈለገ ሰው «እንዴት ትሆኛለሽ?» ብሎ እንደሚጠይቅና እንደሚጠብቅ አባቷ አሁን ያውቃል። እውነቱ ደግሞ ምላሷ ላይ ነበር፤ ደህና አልሆንም፣ ቤቱ ይበላኛል፣ ከበሩ ላይ ለማን ምን እላለሁ። እሱ ግን መረጃ አልነበረም የፈለገው። መልሱን ራሱ ይዞ የመጣው ሌላውን መልስ ይዞ መሄድ ስላልቻለ ነው። እሱ በየጠዋቱ ምን እንዳደረገላት ያኔ ገባት።

«ደህና እሆናለሁ፣ አባዬ» አለችው። «ተመስገን።»

«እሰይ» አለና ዓይኑን ከደነ።