ይቆይ ወይስ ይሰረዝ

«እህቴ ትሰረዝ የሚለው ማነው ደግሞ?» አለ አጎትየው፣ የሟቿ ወንድም፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ።

ሳሎኑ ውስጥ በኪራይ ወንበሮቹ ላይ የተደረደሩት ለቅሶ ደራሾች በሩ አጠገብ ወደተቀመጠው ግዙፍ ሰው ዞሩ። ሰውየው የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። ከዚያን ቀን በፊት ከቤቱ ሰዎች አንዱም አይቶት አያውቅም።

«ማን እንደሆነ አላውቅም» አለ ስልኩን እንደያዘ። «ኢንተርኔት ላይ ባለው መዝገበ ዕውቀት አብረን እንሠራ ነበር፤ ማረፋቸውን እዚያ ስሰማ ስለ እሳቸው ገጽ ጻፍኩ። ውሎ ሳያድር አንዱ ‹ይሰረዝ› ብሎ አቀረበ። ጋዜጣ ላይ ስለ እሳቸው የወጣ ነገር ካለ፣ ማስረጃ እንዲሆነኝ ብዬ ነው የመጣሁት። በሐዘን ቤት እንዲህ ያለ ነገር ማንሳቴ… ይቅርታ።»

የሟቿ አንድዬ ልጅ ፋርማሲስቷ ከሻይ ትሪው ቀና አለች።

«ዋርካ እርስዎ ነዎት?»

የሰውየው ፊት ተፈታ። «ነኝ።»

እናቷ እድሜዋን የከተማውን የመጠጥ ውኃ ስትመረምር የኖረች ኬሚስት ነበረች። ልጅ ሳለች ፋርማሲስቷ «ንጹሕ ይመስላል» ብላ ብርጭቆ ስታነሣ፣ እናቷ ከእጇ ቀበል አድርጋ «‹ይመስላል› አይጠጣም» ትላት ነበር። ጡረታ ስትወጣ ማንም የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያርመው ያ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ገባች። የብዕር ስሟንም «ወንፊት» አለችው። ማስረጃ የሌለው ገጽ ካየች ይሰረዝ ብላ ታቀርባለች፤ ሌሎቹ ተከራክረው ይወስናሉ። «ዋርካ» የሚባለው ደግሞ ምንጊዜም «ይቆይ» ባይ ነው። ሲጣሉ እንኳ አንቱ እየተባባሉ ነው። «ቦታው አይጠብ፤ አንድ ሰው ቢጨመር ማን ይጎዳል?» ብሎ ሲጽፍ፣ «ውኃም የሚበላሸው በጠብታ ነው» ብላ ትመልስለታለች። ከዚያ ብቻዋን ትስቅና ልጇን ትጣራለች፤ «ነይ እይልኝ፣ ይሄ ዋርካ ዛሬ ደግሞ ጅብ አስጠልሏል!»

«ለነገሩ ምን ይደንቃል» አለ አጎትየው ብርጭቆውን አስቀምጦ። «የዘራችውን ነው። የገዛ አባቷን የሰረዘች ሴት ናት።»

«ምን ማለቱ ነው?» አለች አንዲት ጎረቤት በሹክሹክታ።

«ገጽ ነው አሉ፤ ሰው አይደለም» አለቻት ጓደኛዋ። «ዝም ብለሽ ስሚ።»

ነገሩ የቆየ ቁስል ነው። አጎትየው ስለ አባታቸው ገጽ ጽፎ ነበር፤ በከተማው የመጀመሪያውን ጋራዥ የከፈቱ መካኒክ ናቸው ብሎ። ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ አሳይቶ ሳይጨርስ ወንፊት ይሰረዝ ብላ አቀረበችው። ዋርካ እስከ መጨረሻው ተሟገተ፣ ተረታ፤ ገጹ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ወንድምና እህት የሚገናኙት በሰው ሰርግና በሰው ለቅሶ ብቻ ሆነ።

ፋርማሲስቷ መጥታ አጎቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከመሰረዙ በፊት ምን እንዳደረገች ያውቃሉ?»

«ምን ታደርጋለች? ተጫነችው፣ ጠፋ።»

«ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት አብሬያት ዞሬያለሁ። የድሮ ጋዜጣ ስታገላብጥ አቧራው አስነጥሷት አስነጥሷት ዓይኗ አበጠ። ይሰረዝ ለማለት እኮ አይደለም። እንዲቆይ ፈልጋ ነው።»

አጎትየው ቀና ብሎ አያት።

«አንድ ቀን የጋራዥ ማስታወቂያ አገኘችና በደስታ ጮኸች፤ ጠባቂው ተቆጣት። ስታነበው ግን ጋራዡ የሌላ ሰው ነው። ከአያቴ በፊት የተከፈተ።»

«የሌላ ሰው?»

«አያቴ የመጀመሪያው አልነበሩም ጋሼ። ‹ንገሪው እንጂ› ብላት፣ ‹ማስረጃ የለውም ማለቱ ይበቃል። አባቱ ሁለተኛ እንደነበሩ ከሚሰማ እኔን ይቀየመኝ› አለችኝ።»

አጎትየው አቀረቀረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቶቹ ሊያጽናኑት ተነሡ፤ ቀና ሲል ግን በእንባው መሐል እየሳቀ ነው።

«ሁለተኛ! አባቴ ይህን ቢሰሙ ያንን ሰውዬ መፍቻ ይዘው ፍለጋ ይወጡ ነበር» አለ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ምነው እህቴ… ምነው ብትነግሪኝ።»

ፋርማሲስቷ እስኪረጋጋ ጀርባውን ስታሻሸው ቆየች። ከዚያ ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች።

«ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር የለም። የከተማው ሰው ሁሉ ውኃዋን ጠጥቷል፤ ስለ እሷ የጻፈ ግን የለም።»

«ለእሳቸው ስንል ደንቡን አንዴ ብናጥፈውስ?»

«ካጠፍነውማ የምናስታውሰው ሌላ ሴትዮ ነው። እሷን የሚያውቋት ይኸው ቤቱን ሞልተውታል። የማያውቃትን ሰው ዝም ብለህ እመን አትልም ነበር።»

ወደ እናቷ ጠረጴዛ ሄዳ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ፎቶ አንሺው ተከተላት፤ አጎትየውም ከኋላ መጥቶ ቆመ። በክርክሩ ስር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ልጃቸው ነኝ። ስለ እሳቸው የተጻፈ ምንጭ የለም። ይሰረዝ።»

«ቁርጥ እናቷን» አለ አጎትየው፤ አለመቀየሙ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር።

ፎቶ አንሺው ስልኩን አውጥቶ ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ ከእሷ ጽሑፍ ስር አንድ ቃል ብቅ አለች፦ «ይሰረዝ። ዋርካ።»

«በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ይህን ጽፌ አላውቅም» አለ። «ረቱኝ በሏቸው።»

ፋርማሲስቷ ልትዘጋው ስትል ገጹን ራሱን አለማንበቧ ትዝ አላት። አጭር ነው። የመጀመሪያው መስመር «የውኃ ኬሚስትና የዚህ መዝገበ ዕውቀት አርታኢ ናቸው» ይላል።

«ናቸው» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ» አለ ፎቶ አንሺው ወደ መስኮቱ ዞሮ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ገጹ በቅርቡ የሚጠፋ ነው፤ ማንም አያነበውም። ፋርማሲስቷ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ቃሉን ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ፣ አንድ በአንድ አጠፋችው። በቦታው «ነበሩ» ብላ ጻፈች፤ አራት ነጥቡንም አስተካክላ አስቀመጠችው።